ላጤ የተባለው ቁጥር

በሂሳብ «ብቸኛ ቁጥር» የሚባለው ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ፣ ከአንድ የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ሰባትና አሥራ ሦስት ከዚህ ወገን ናቸው። ትንንሾቹን መለየት ለተማሪም አያዳግትም፤ ቁጥሩ ሲገዝፍ ግን ላጤ የተባለውን ሁሉ ማመን ጣጣ እንዳለው 147,573,952,589,676,412,927 ጥሩ ማስረጃ ነው።

ይህ ባለ 21 አኃዝ ቁጥር የሚገኘው 67 ሁለቶችን እርስ በርስ በማባዛትና ከውጤቱ አንድ በመቀነስ ነው። ከግዕዝ አኃዞች ትልቁ ምልክት ፼ እልፍን፣ ማለትም 10,000ን፣ የሚወክል ሲሆን፣ አምስት እልፎች እርስ በርስ ተባዝተው እንኳ እዚህ አይደርሱም። በታወቀው የቼዝ ሰሌዳ ተረት በመጀመሪያው ቤት አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እየተባለ 64ቱን ቤቶች በእህል ፍሬ መሙላት ንጉሡን ያቃተው ዕዳ ነበር፤ ይህን ያህል ፍሬ ያለው ሰው ግን እንዲህ ያሉ ስምንት ሰሌዳዎችን ሞልቶ ለዶሮው ሰባት ፍሬ ይተርፈዋል።

ለቁጥሩ ብቸኝነት የመሰከሩት ፈረንሳዊው መነኩሴ አባ ማረን ሜርሴን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዚሁ ስልት ብቸኛ ቁጥር ያስገኛሉ ካሏቸው መካከል 67ን ቆጠሩት። በ1876 ኤዱዋር ሉካስ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጡ፤ ዘዴያቸው ግን ብቸኝነትን የሚፈትን እንጂ አካፋዮችን የሚያወጣ ስላልነበረ፣ ቁጥሩ ልጆች እንዳሉት ታውቆ ስማቸው እንዳልታወቀ አባት ሆነ። እንዲህ ያለው ማስረጃ ለሂሳብ ሊቅ ከበቂ በላይ ሲሆን ለሐሜተኛ ግን ምንም አይጠቅምም።

ልጆቹን ያወጡት አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ናቸው። እንደሚተረከው፣ በኦክቶበር 1903 ኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ኮል ትንፍሽ ሳይሉ በሰሌዳው አንድ ወገን 67ቱን ሁለቶች አባዝተው አንድ ቀነሱ፣ በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዙ፤ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆነው ሲገኙ ተሰብሳቢው አጨበጨበ፣ እሳቸውም ዝም እንዳሉ ተቀመጡ። (የስብሰባ ንግግሮች ሁሉ እንዲህ ቢሆኑ ስንት ሻይ ሳይቀዘቅዝ በተጠጣ ነበር።) ሥራው የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደ ፈጀባቸው ተናግረዋል ይባላል፤ መነኩሴው ይህን የሰንበት ሥራ ቢሰሙ ከስህተታቸው በፊት የሚገሥጹት እሱን ሳይሆን አይቀርም። ልጆቹ የቤተሰብ ምልክት አላቸው፤ ሁለቱም የ67 እጥፍ ለሆነው 134 ሲካፈሉ ቀሪያቸው አንድ ነው፤ ምልክቱ ለዚህ ቁጥር አካፋዮች ሁሉ ግዴታ በመሆኑ፣ የሌለውን ከደጅ መመለስ ይቻላል።

አባ ሜርሴን 67ን ሲያስገቡ 61ን ግን ትተውታል፤ በ61 የሚገኘው 2,305,843,009,213,693,951 እውነተኛ ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ሩሲያዊው ቄስ ኢቫን ፔርቩሺን በ1883 አረጋገጡ። ለመነኩሴው የተቆረቆሩ ሰዎች 67 የተጻፈው በ61 ፈንታ፣ በጽሕፈት ግድፈት ነው የሚል መከላከያ አቅርበዋል፤ እንዲያ ከሆነ አንድ ባለ ልጆች ቁጥር እስከ ሉካስ ማረጋገጫ ድረስ ለ232 ዓመታት ላጤ ሲባል የኖረው በአንድ አኃዝ ስህተት ነው።