ድብርትን በጅብ ስለማከም፦ ከሐረር ግንብ ውጪ የተካሄደ አጭር ጥናት

የጥናቱ መነሻ፦ ጋሼ (የአጥኚው አጎት) ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደብሯቸዋል። ቤተሰቡ ሦስት መድኃኒቶችን ሞክሯል፤ ቡና፣ ምክርና ተጨማሪ ምክር። ሦስተኛው ሕመሙን አባብሶታል። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር ትርኢት ማየት ታዘዘላቸው። በሐረር በየምሽቱ የሚታየው ትርኢት ደግሞ የጅብ ነው።

የንድፈ ሐሳብ መሠረት፦ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። በሐረር ግን በደንብ ያውቁታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ ለጠላት ዝግ ሲሆን፣ ለጅብ ግን መግቢያ ቀዳዳ አለው፤ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሉታል። በአሹራ በዓል ደግሞ ለጅቡ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይባላል። ስለዚህ ጅቡ እዚህ ተዋናይ ብቻ ሳይሆን ባለሥልጣንም ነው።

የአጠናን ዘዴ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስድስት የቤተሰብ አባላት ለሦስት ሰው በተሠራ ባጃጅ ታጭቀን ከፈላና በር ውጪ ደረስን። የመድረኩ መብራት የባጃጁ መብራት ነው። መጋቢው ጅቦቹን በየስማቸው ጠራ፤ ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ አጎረሳቸው። ቀጥሎ እንጨቱን ለጋሼ ሰጣቸው።

ውጤት፦ አንዲት ጅብ ጉርሻው ጋ ለመድረስ የጋሼን ትከሻ ተደገፈች። በነጠብጣብ ጅቦች ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ቅድሚያውም የእሷ ነው። ጋሼ እንጨቱን እንደነከሱ ዝም አሉ። በእሳቸው ፈንታ እትዬ (ባለቤታቸው) ጮኹ። ልጆቹ በእትዬ ሳቁ፤ በመጨረሻ ጋሼም ሳቁ።

ውይይት፦ የጅብ «ሳቅ» የደስታ አይደለም፤ ሲጨንቀው ወይም ጉልበተኛ ሲያባርረው የሚያሰማው ድምፅ ነው። በመሆኑም የጋሼ ሳቅ የሰው ይሁን የጅብ መለየት አስፈልጓል። ጋሼ ሲጠየቁ «መጀመሪያ የጅብ ነበር፤ እትዬን ሳያት የሰው ሆነ» ብለዋል።

መደምደሚያ፦ ሕክምናው ሠርቷል። የጎንዮሽ ጉዳቱ፣ ጋሼ ታሪኩን ለመጣ እንግዳ ሁሉ መተረካቸው ነው፤ ትከሻቸው ላይ የወጡት ጅቦችም እስካሁን ሰባት ደርሰዋል። ድብርቱ አሁን የሚታየው በቀሪዎቹ አምስት የጥናቱ ተሳታፊዎች ላይ ነው። ለእነሱም ተመሳሳይ ምሽት ታዝዟል።