ሐተታ በእንተ ሼል ወባሕረ ሐሳብ

ሊቃውንት ሁሉ ዝም ባሉበት ጉዳይ ብዕር ስናነሣ፣ ዝም ያሉት ስላልገባቸው እንጂ ጉዳዩ ስለማይረባ እንዳልሆነ አስቀድመን እናውጃለን። የሰቆጣ መሪጌታ በቃላቸው የሚቀምሩትን የበዓላት ማውጫ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ በሼል ስክሪፕት መጻፍ ይገባልን? ይገባል! እንዲያውም ባሽ የተባለው ሼል በ1989 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ብቅ ያለው ለዚሁ ነው ብለን እንሟገታለን፤ ደራሲው ባያውቀውም።

ባሽ ክፍልፋይ አያውቅም። 7ን ለ2 አካፍል ቢሉት 3 ብሎ ያርፋል። አላዋቂዎች ይህን ጉድለት ይሉታል። ባሕረ ሐሳብ ግን ድርሻውን ጥሎ ቀሪውን የሚይዝ ጥበብ ነው። የሰቆጣ ጎረቤት የሆነው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንስ ከዓለቱ ተፈልፍሎ የቀረው አይደለምን?

እነሆ፦ 2017 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 5500፣ ዓመተ ዓለሙ 7517። ለ19 ሲካፈል ቀሪው 12፤ አንዱን ለዘመን ብንተው ወንበር 11። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ስናካፍል ቀሪው 1፣ አበቅቴ ነው፤ በ19 ብናባዛው ደግሞ ቀሪው 29፣ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ተደምረው 30 ሞሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተውሳክ የሚባሉትን ቁጥሮች መደመር ብቻ ነው፤ ፋሲካም ሚያዝያ 12 ዋለ።

ይሁን እንጂ 2024 ይመጣል። 7524 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ባሽም ከዜሮ አንድ ቀንሶ፣ ያለ አንዳች ኀፍረት፣ አበቅቴውን −11 ይላል። መሪጌታው ወንበሩን 18 ያደርጉታል። መድኃኒቱ አንዱን ከማካፈል በፊት መተው ነው።

ተጠቃሚውስ? ወር ሲጠየቅ ግንቦትን 09 ብሎ ቢጽፍ ባሽ ይቆጣል፤ ፊት የቆመችውን ዜሮ አይቶ በስምንት መደብ የተጻፈ ቁጥር ይመስለዋልና። 010 ቢሉትማ ሳይቆጣ 8 ያደርገዋል፤ ይህ ከቁጣው ይብሳል። ስለዚህ ከቁጥሩ ፊት 10# ይቀመጥ። ጳጉሜን 6ም ከዘመነ ሉቃስ በቀር አይግባ። ያልተጣራ ግቤት በድርብ ቅንፍ ውስጥ ትእዛዝ ሊያስፈጽም እንደሚችል ደግሞ የምናነሣው ለማስፈራራት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፦ መሪጌታው ፳፻፲፯ ብለው በክብር ሲያስገቡ፣ ከ0 እስከ 9 ብቻ የሚቀበለው ማጣሪያ «ስህተት! ቁጥር አስገባ!» ይላቸዋል። ቁጥሩን መካዱ አንሶ፣ አንተ ማለቱ! ስክሪፕቱ የግእዝ አኃዝን ይማር፤ እስኪማርም ድረስ «እባክዎ ያስገቡ» ይበል። መሪጌታው አኩርፈው ከሄዱ ውጤቱ ልክ መሆኑን ማን ያይልናል?