ለርዕስ አጽዳቂ ኮሚቴ የቀረበ ምስጋና

ለትምህርት ክፍሉ የምርምር ርዕስ አጽዳቂ ኮሚቴ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ እንጀራዬን ስለጠበቃችሁልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ። ተመራቂዎች እናንተ ጋ ተመላልሰው ተመላልሰው ሲሰለቻቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። እኔም «በደንበኞች እርካታ ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች፤ የእገሌ ባንክ የእገሌ ቅርንጫፍ» የሚለውን ፋይል እከፍታለሁ። የቅርንጫፉን ስም መለወጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አምና መገናኛን ፒያሳ ሳደርግ ምዕራፍ አራት ላይ አንዲት መገናኛ ቀርታ ነበር። ፈታኞቹም አላዩዋት፣ ልጁም አላያት።

ናሙናውም አያስቸግርም። የያማኔ ቀመር በአምስት በመቶ ስህተት ለ1,000 ደንበኛ 286፣ ለ10,000 ደንበኛ 385 ይላል፤ ደንበኛው አገር ቢያክል እንኳ ከ400 አያልፍም። መጠይቁን ማባዛት የእኔ ፋንታ ነው፣ መሙላት የዶርም ልጆች። (ባንኩን ረግጠውት ባያውቁም ረክተዋል።)

ዘንድሮ ግን አንዲት ልጅ አስደነገጠችኝ። መጀመሪያ የመጣችው «የኑሮ ውድነት» ብላ ነበር፤ ደግ ርዕስ ነው፣ መግቢያው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እሷ ግን እንጀራ ሻጮች ጋ ስትታዘብ ሰንብታ «ጤፍ ሲወደድ የሚጨምረው የእንጀራው ዋጋ ነው ወይስ የሚጠበው ስፋቱ?» የሚል ጥያቄ ይዛ ተመለሰች። ከቦርሳዋ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእነዚያው ሱቆች እንጀራ እየገዛች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየለካች፣ ከጤፉ ዋጋ ጎን ልትመዘግብ ነው። ይህን ከየት ቀድቼ ልሽጥላት? መጠይቅ እንኳ የለውም!

እግዜር ይስጣችሁ፣ ደረሳችሁልኝ። «ቀደምት ጥናት የለውም» ብላችሁ መለሳችኋት። እኔ የዋሁ፣ ማንም ያላጠናውን ማጥናት ምርምር ይመስለኝ ነበር።

አሁንም ግን ስጋት አለኝ። ከእናንተው አንዱ መምህር ልጅቷን ደረጃ ላይ አስቁመው «ስፋቱ እንዳለ ሆኖ ቢሳሳስ? በሜትር ብቻ በምን ታውቂያለሽ?» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወዲያው ሚዛን ልትዋስ ሄደች። ርዕስ እንዲህ በጥያቄ እየጠራ ከሄደ እኔ ምን ልበላ ነው? ስለዚህ መምህሩ ለየስብሰባው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነው እንዲመደቡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ለዘንድሮ ተመራቂዎች የሚሆኑ፣ ገና ያልተነኩ የባንክ ቅርንጫፎችን ስም ዝርዝር በአንድ ገጽ አያይዤ ልኬያለሁ።

ከሰላምታ ጋር