የወይዘሮ ስተር አጭር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ስተር በጥንታዊቷ እንግሊዝ ተወለዱ፤ የልጅነት ስማቸው ኤስትሬ ነበር። ሥራቸው ከእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ ተቀምጠው «ይህን የምትሠራ ሴት» ማሰኘት ነበር። የወንዱን በር የሚጠብቁት ወንድማቸው ኤር ናቸው፤ ለምሳሌ ዳቦ ጋጋሪው ወንድ ቤከር ሲባል ሴቷ ባክስተር ትባል ነበር።

ልጆቻቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ባክስተር ዳቦ ጋጋሪ፣ ዌብስተር ሸማኔ፣ ብሩስተር ጠማቂ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ኤል የሚባለውን መጠጥ በብዛት የሚጠምቁት ሴቶች ስለነበሩ ብሩስተር ገበያዋ የደራ ነበር። ንግዱ ሰፍቶ ትርፉ ሲወፍር ግን ወንዶቹ ጋኑን ተረከቡ። ጋኑን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ስሟንም ይዘው ሄዱ። ዛሬ ሦስቱም የአባት ስም ናቸው።

ሴት ሆና የቀረችው ስፒንስተር፣ ፈታይዋ፣ አንጀት ትበላለች። እንዝርቷን አሹራ እንጀራዋን የምትበላ ሴት ነበረች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕጉ ያላገባች ሴት ሁሉ መጠሪያ አደረጋት፤ ጎረቤት ደግሞ «ቆሞ ቀር» ለማለት ተጠቀመባት። በጋብቻ መዝገብ ከሙሽራው ስም ትይዩ «ባችለር»፣ ከሙሽራይቱ ትይዩ «ስፒንስተር» ይጻፍ ነበር። ባችለር በዚህ ስሙ ሲያምርበት ኖረ፤ ስድቡ ለሷ ብቻ ደረሳት። በእንግሊዝና በዌልስ ሁለቱም ከመዝገቡ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2005 ማብቂያ ነው።

ሟች ወይዘሮ ስተር የታመሙት ሴትነታቸው ሲረሳ ነው። ሲምስተር «ሰፊዋ» ማለት ሆኖ ሳለ፣ ሰሚው ሴቷ አልታይ ብላው ከፈረንሳይ ሌላ የሴት ቅጥያ አስመጥቶ ሲምስትረስ አላት። በሴት ላይ ሴት ደረበባት!

የዴምፕስተር ዕጣ የባሰ ነው። ዳኛ ማለት ነበር፤ ከዚያ የቤተሰብ ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በቴነሲ፣ ኖክስቪል፣ የዴምፕስተር ወንድማማቾች በመኪና ተነስቶ የሚደፋ የቆሻሻ ገንዳ ሠሩና ስማቸውን «ደምፕ» (መድፋት) ከሚለው ቃል ጋር አጣምረው ደምፕስተር አሉት። ዳኛው ገንዳ ገባ።

ከልጅ ልጆቻቸው ጋሪ ነጂው ቲምስተር ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌሮች ማኅበር ስም ነው፤ ጋንግስተርን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ሞንስተርም ዘመድ ነኝ ብሎ ድንኳን ገብቷል። የላቲን ልጅ እንጂ የኛ አይደለም፤ ለቀስተኛ ነውና ምግብ ግን አይከልከል።

ለማስተዛዘን የምትፈልጉ፣ ዌብስተር የሚባል ሰው ስታገኙ ስምህ የሸማኔ ሴት ስም ነው ብላችሁ ንገሩት።