ለእትዬ፣ ስለ ፌስታሉ ጉዳይ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ፣
ዴራ

እኔ ከናፍቆታችሁና ከስቶክሆልም ብርድ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዴራ ተቀምጠሽ አሰላን የምታሚበት ብርድ እዚህ በጋ ይባላል።

በድምፅ የላክሽልኝን መልእክት ሰምቼዋለሁ። ግማሹ የፍየል ጩኸት፣ ሩቡ ከደንበኛ ጋር የዋጋ ክርክር ቢሆንም ቁም ነገሩ ገብቶኛል። «ፌስታል ተከለከለ አሉ፤ ሽንኩርቱን በምን ልስጣቸው? እናንተ ጋ ፈረንጆቹ በምን ይይዛሉ?» ነው ያልሽው።

ወሬው እውነት ነው፣ እትዬ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ አምራቹና አስመጪውማ ከዚህ የባሰ ነው የሚጠብቃቸው። በ2,000 ብር ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚመጣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ክልከላው ራሱ ግን እንግዳ አይደለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ዴራ ገበያ ውስጥ የፌስታል ውፍረት ሲለካ ያየሁት ሰው ግን የለም። እኛ የምናውቀው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ሁለት ኪሎ ቲማቲም የሚችለውና ቤት ሳይደርስ የሚበጠሰው።

አሁን ስለ ፈረንጆቹ ጉድ ልንገርሽ። ፌስታልን ለዓለም ያበረከቱት እነዚሁ ስዊድኖች ናቸው! በ1960 ዓ.ም አካባቢ ካዱ የተባለውን የእርሻ ልማት ድርጅት ይዘው አሰላ የገቡት፣ ጭላሎን ከምርጥ ስንዴና ከማዳበሪያ ጋር ያስተዋወቁት እነሱው ናቸው። ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል መሐንዲስ ኖርሸፒንግ ከተማ ሴሎፕላስት በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ ያንን ባለ ሁለት እጀታ ፌስታል ፈለሰፈ። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም። የወረቀት ከረጢት ዛፍ ያስጨርሳል፣ ቶሎም ይቀደዳል፣ ይኼ ግን ደጋግሞ ያገለግላል ብሎ ነው። ልጁ ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ አባቱ አንድ ፌስታል አጣጥፎ ሁልጊዜ ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ሰዎች አንዴ ተጠቅመው እንደሚጥሉት ቢያይ ይገርመው ነበር አለ።

አየሽ እንግዲህ፣ የመሐንዲሱን ሐሳብ በትክክል የተረዳችው እማማ ናት። ፌስታሉን አጥባ፣ ገመድ ላይ አስጥታ፣ በአራት አጥፋ ፍራሽ ሥር ስታስቀምጥ ስንስቅባት ኖርን። እዚህ እንደ እሷ የሚያደርግ ሰው ቢገኝ ጋዜጣ ላይ ፎቶው ይወጣል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከሜይ 2020 ጀምሮ በእያንዳንዱ የገበያ ፌስታል ላይ 3 ክሮነር ግብር ጣለች። ሱቁ የራሱን ሲጨምርበት የአንዱ ዋጋ ወደ 7 ክሮነር ተጠጋ። ቤት ያለው፣ መኪና ያለው፣ የበጋ ጎጆ ያለው ሕዝብ 7 ክሮነር አንገበገበው። በውድ መኪና የመጣ ሰውዬ ካሮቱን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ወተቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እንቁላሉን በጥርሱ ሊይዝ ምንም ሳይቀረው ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉም ከቤቱ የጨርቅ ከረጢት ይዞ መውጣት ለመደ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 መንግሥት ግብሩን አነሣ። የአውሮፓ ኅብረት ለ2025 ያስቀመጠው ግብ በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ40 ፌስታል እንዳይበልጥ ነበርና፣ «እኛ ከዚያ በታች ወርደናል» አሉ።

ሌላም አላቸው፤ ፓንት ይሉታል። ውኃም ሆነ ለስላሳ ስትገዢ ለጠርሙሱ ጥቂት ክሮነር ያስይዙሻል። ባዶውን ሱቁ በር ላይ ላለው ማሽን ስታጎርሺው ገንዘብሽን ይመልሳል። ለጣሳ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ለፕላስቲክ ጠርሙስ በ1994 የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ከ10 ጠርሙስ ወደ 9 የሚጠጋው ይመለሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ባዶ ጠርሙሱን ተሸክሞ ማሽኑ ፊት ይሰለፋል። ማሽኑ አንዱን አልቀበልም ብሎ ከተፋበት ደግሞ፣ ዓመት ሙሉ ድምፁ የማይሰማው ስዊድናዊ ሲያጉረመርም ትሰሚዋለሽ።

እኔ ግን ይኼን ማሽን ሳይ ትዝ የሚለኝ የዴራ መንገድ ነው። ከናዝሬት ወደ አሰላ የሚወጣው አውቶቡስ ሲያልፍ ልጆቹ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጡ የለ? ከመስኮት የወደቀው ባዶ ጠርሙስ መሬት ላይ ደቂቃ አያድርም። ታጥቦ ዘይት ይያዝበታል፣ ጠላ ይቀዳበታል፣ ማር ይሸጥበታል። ያለ ማሽን፣ ያለ መብራት የሚሠራ ፓንት ማለት ይኼ ነው። ከጠርሙሱ ጋር የተወረወረውን ፌስታል ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ የሚገዛው የለማ! ነፋሱ አንሥቶ ግራሩ ላይ ይሰቅለዋል፤ ከግራሩ የወረደውን ፍየሏ ትበላዋለች። ያለፈው ፋሲካ የጎረቤታችን ፍየል ስትታረድ ጨጓራዋ ውስጥ የተገኘውን ያወራሽኝ አንቺ ነሽ፤ በጭቃና በሣር የተድበለበለ፣ ጡጫ የሚያህል ፌስታል፣ የአንዱ እጀታ እንኳ ገና አልተበጠሰም። ፕላስቲክ አይፈጭ፣ ወደ ታች አያልፍ፤ ከብቱ ጠግቦ ሳይሆን ሆዱ ተዘግቶ መብላት ያቆማል። ባለቤቱ «ዓይን በልቶት ነው» እያለ ጠበል ፍለጋ ይዞራል።

ስዊድን ሁሉ ነገር ልክ ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ሕንፃችን ምድር ቤት የቆሻሻ መለያ ክፍል አለ። የእርጎ ካርቶን ባዶ ሲሆን ካርቶኑ ወደ አንዱ፣ ክዳኑ ወደ ሌላው፤ የሻይ ቅጠሉ ከረጢት ደግሞ ወደ ምግብ ትርፍራፊ። አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ እዚያ ካገኘችኝ የጣልኩትን ጎንበስ ብላ ትመረምራለች፤ ያልታጠበ ዕቃ ካየች ፈገግ ብላ መልሳ ትሰጠኛለች። ፈገግታዋ ከወረዳ ደንብ አስከባሪ ቁጣ ይብሳል። ይኼ ሁሉ ታጥቦ ተለይቶ ግን፣ በዚህ አገር ከሚጣለው ፕላስቲክ አብዛኛው መጨረሻው እሳት ነው፤ ተቃጥሎ ቤት ያሞቃል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት የጠርሙስ ክዳን እንዳይጠፋ ከአንገቱ ጋር ታስሮ ይቅር ብሏል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብቻ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር ክዳኑ አፍንጫዬን ይወጋኛል። ሥራ ቦታ ደግሞ ሰው ሁሉ ዘመቻ የሚሄድ ይመስል የብረት ኮዳውን አንግቶ ነው የሚገባው።

የሚያስቀኝ ሌላ ነገር ልጨምርልሽ። ያለ ማሸጊያ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ዕቃሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ምስሩንና ሩዙን መዝነው ይጨምሩልሻል። የሚያስከፍሉት ከሌላው ሱቅ ይበልጣል፤ ወጣቶቹ «አዲስ አኗኗር» ይሉታል። እንዴ! የዴራው ባለሱቅ ዘይት በያዝንለት ጠርሙስ ሲቀዳልን፣ ስኳር በደብተር ወረቀት ሲጠቀልልልን አልነበረም? የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ከ10 ሦስት ማግኘቱን ሰፈሩ ሁሉ ያወቀው በስኳር መጠቅለያ አይደል? የማዳበሪያውን ከረጢትስ ተይው፤ ማዳበሪያው አንድ ክረምት ማሳ ላይ ሠርቶ ያልቃል፣ ከረጢቱ እህል ተሸክሞ፣ ድንች ተሸክሞ፣ ሲያረጅ ምንጣፍ ይሆናል።

የላክሽልኝ ዘንቢልም እዚህ ዝናው ወጥቷል። ያቺው ባልቴት ሱቅ ይዤው ስሄድ አይታ የት እንደሚገዛ ጠየቀችኝ። የተሠራው ከፕላስቲክ ገመድ መሆኑን ስነግራት ትንሽ ደነገጠች፤ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ስነግራት ግን ዋጋውን መጠየቅ ጀመረች። እኔም የምለው ይኼንኑ ነው፣ እትዬ። ጥፋቱ ፕላስቲክ መሆኑ ላይ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነገር ከገበያ እስከ ቤት ላለችው መንገድ ብቻ ተጠቅመን መጣላችን ላይ ነው። የምንጥለውም በነጻ የተሰጠን ስለሚመስለን ነው።

ግን ነጻ አይደለም። ፌስታሉን ከጅምላ ሻጩ በገንዘብሽ ትገዣለሽ፤ ደንበኛው እጁን እያወዛወዘ መጥቶ «ድርብ አድርጊልኝ» ሲልሽ የሚደረበው ትርፍሽ ነው። እስቲ አንድ የገበያ ቀን ለፌስታል ያወጣሽውን ለብቻ ጻፊው።

ስለዚህ ምክሬ ይኼ ነው። ሰው ሁሉ «መርቂልኝ» ማለቱ እንደሆነ አይቀርም። ምርቃቱን ዘንቢል ወይም ከረጢት ይዞ ለመጣ ብቻ አድርጊው፤ ለእሱ ሁለት ራስ ሽንኩርት ጨምሪለት፣ ባዶ እጁን ለመጣው ምርቃት የለም። ከጎንሽ ካሉት የጉሊት ሴቶችም ጋር ተስማሙ፤ አንቺ ብቻሽን ካደረግሽው ደንበኛው ወደ እነሱ ይሄዳል፣ ሁላችሁም ካደረጋችሁት ዘንቢሉን ፍለጋ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሥጋ የሚገዛ ሳህኑን፣ እንጀራ የሚገዛ አገልግሉን ይያዝ። ልጆቹንም አደራ፤ ፌስታል ሜዳ ላይ እንዳይጥሉ፣ እሳት ውስጥም እንዳይጨምሩ፤ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ነው።

በርበሬውን ስትልኪልኝ በጨርቅ ከረጢት ሰፍተሽ ይሁን። ለእማማ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ፍራሹን ግን ማንም እንዳይነካባት። ሽማግሌ ደንበኞችሽ ቢቆጡሽ አትመልሺላቸው፣ ምርቃቱን ብቻ አሳዪያቸው። ገበያው እንዴት እንደዋለ ቶሎ ጻፊልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ፣
ከስቶክሆልም