ዚፓቸው የሚታይ ጭራቆችን ክብር ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ያልሰማህ ቴሌቪዥንህን ቀንስና አዳምጥ!

መግቢያ

ጭራቅ ሆኖ እንዲተውን የተቀጠረ ሰው፣ በካሊፎርኒያ ፀሐይ ከጎማና ከሰው ሠራሽ ፀጉር በተሰፋ ልብስ ውስጥ እየታፈነ፣ የሰውን ዘር ለማጥፋት ከልቡ የደከመ በመሆኑ፤

ድካሙ ከታሰበው ድንጋጤ ይልቅ ሣቅ ያስገኘ ቢሆንም፣ ያ ሣቅ ከስድሳ ዓመት በኋላም ስላልደረቀ፣ በዚያው ዘመን ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከፈሰሰባቸው ፊልሞች መካከል ግን ዛሬ ማንም የማያነሣቸው የትየለሌ በመሆናቸው፤

ስፌታቸው የተተረተረና ገመዳቸው የሚታይ ጭራቆች፣ በኮምፒውተር ተሠርቶ እንከን በማይወጣለት፣ በዚያው ልክም ማንንም በማያስቅና ማንንም በማያስደነግጥ አውሬ እንዳይተኩ ጥበቃ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የዚፕ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «የብዝበዛ ፊልም» ማለት ስመ ጥር ተዋናይም ሆነ በቂ ገንዘብ የሌለው አምራች፣ በዘመኑ ሰውን ያስፈራውን ወይም ያጓጓውን ነገር፣ ለምሳሌ አቶም ቦምብን ወይም ከሰማይ የሚወርድ በራሪ ሳህንን፣ መሸጫው አድርጎ በጥቂት ቀናት የሚቀርጸው ፊልም ነው፤ በዋነኛነት የሚበዘበዘው የተመልካቹ ፍርሃት ሲሆን፣ ኪሱ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። «ዚፕ» ማለት በጭራቁ ጀርባ ላይ የሚታየው መዝጊያ ብቻ ሳይሆን ጥላን፣ ገመድንና የተዋናይ ጫማን ጨምሮ የሰውን እጅ የሚያጋልጥ ማንኛውም ምልክት ነው። ዘመናቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይነበባሉ። በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል፤ «ጭራቅ» ተብሎ የተገለጸውም በውስጡ የሚያልበውን ሰው ይጨምራል።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በቅድሚያ ተፈጻሚ የሚሆነው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ በተሠሩ ፊልሞች ላይ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 በሰጠው ውሳኔ ምክንያት ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ከሲኒማ አዳራሾቻቸው ሲለያዩና ቴሌቪዥንም ወላጆችን ሳሎን ሲያስቀር፣ ስቱዲዮዎቹ ርካሽ ፊልም መሥራቱን ቀነሱ፤ ሰው መኪናው ውስጥ እንደ ተቀመጠ የሚያይበትን፣ ድራይቭ-ኢን የተባለውን የሜዳ ሲኒማ የሚሞሉት ወጣቶች ግን በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም መፈለጋቸውን አላቆሙም። ይህን ክፍተት ከሞሉት አንዱ ጄምስ ኒኮልሰንና ሳሙኤል አርኮፍ በ1954 የመሠረቱት፣ በኋላ አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ልማዱም መጀመሪያ ርእስ፣ ቀጥሎ ፖስተር ማዘጋጀት፣ ባለ ሲኒማዎቹ ከወደዱት ደግሞ ስክሪፕት ማጻፍ ነበር። ስለዚህ ፖስተሩ ላይ ከተማ የሚውጠው ጭራቅ ፊልሙ ላይ ሲደርስ አንድ ክፍል የማይሞላ ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱ የጭራቁ አይደለም፤ ፖስተሩን የሣለው ሰው የቀለም እንጂ የጎማ ወጪ አልነበረበትም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ሮጀር ኮርማን በ1956 ለዚሁ ኩባንያ ያዘጋጀው፣ ዓለምን ስለ ያዘ የቬነስ ፍጡር የሚተርከው ፊልም ነው። ምሕንድስና የተማረው ኮርማን፣ ከከባድ ስበት የመጣ ፍጡር ድንክና መሬት የያዘ መሆን አለበት ብሎ በማስላቱ፣ ክዳኑ የተደፋበት መሶብ የሚመስል፣ ጥርስና የሸርጣን እጅ ያለው ጭራቅ ተሠራ። ስሌቱን ያፈረሰው የቬነስ ስበት በእውነቱ ከምድር ስበት በጥቂቱ የሚያንስ መሆኑ አልነበረም፤ ይህን የጠየቀ የለም። ያፈረሰው፣ እንደሚተረከው፣ ተዋናይቷ ቤቨርሊ ጋርላንድ ከዓለም ገዢው አጠገብ ቆማ ቁልቁል ተመልክታው መሳለቋ ሲሆን፣ ጭራቁም ሳይውል ሳያድር ቁመት ተጨመረለት።

አንቀጽ 4፦ ስለ ሮ-ማን ልዩ ጥበቃ

በ1953 ፊል ታከር ያዘጋጀው «ሮቦት ሞንስተር» የተባለው ፊልም የዚህ አዋጅ ቀዳሚ ተጠባቂ ነው። ታከር የሮቦት ልብስ የሚያሠራበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ የራሱ የጎሪላ ልብስ ያለውን ጆርጅ ባሮውስን ጠርቶ ከአንገቱ በላይ የባሕር ጠላቂ ቆብ የሚመስል ነገር ከነአንቴናው ደፋበት፤ ከጨረቃ የመጣው የሰው ዘር አጥፊ ሮ-ማንም በዚህ መንገድ ተወለደ። ፊልሙ ከሆሊዉድ አቅራቢያ በብሮንሰን ካንየን በአራት ቀን ተቀርጾ አለቀ። ሮ-ማን ከዋሻው አፍ ቆሞ ከአለቃው ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ አጠገብ አንድ የሳሙና አረፋ የሚተፋ ማሽን ያለ ማቋረጥ ይሠራል፤ አረፋው ለምን እንደሚያስፈልግ በፊልሙ ውስጥ የሚያስረዳ ባይኖርም፣ ማሽኑ ግን በመክፈቻው የስም ዝርዝር ውስጥ እንደ ማንኛውም የሙያ ባልደረባ ስሙ ተጠቅሷል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ሙዚቃው ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ኤልመር በርንስታይን በዚያን ጊዜ በግራ ዘመምነት ተጠርጥሮ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሥራ የነፈጉት ወጣት ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን»ን የደረሰ፣ ኦስካርም የተሸለመ ሰው ነው። ሙዚቃው የሚያጅበው ፍጡር ጎሪላ መሆኑን ፈጽሞ አያውቅም፤ እንደ እውነተኛ የዓለም ፍጻሜ ያለቅሳል፣ ያስፈራራል። የእነዚህ ፊልሞች ማራኪነት የሚገኘውም በዚሁ ቦታ ነው፦ የተሳካ ፊልም ሠሪዎቹን ይደብቃል፣ ያልተሳካው ግን ተመልካቹን ከታሪኩ ጋር ሠሪዎቹንም፣ ባዶ ኪሳቸውንም፣ እምነታቸውንም በአንድ ጊዜ ያስተዋውቀዋል። ስለሆነም ሮ-ማን ኮረብታውን ሲወጣ የቆቡ ክብደት ወደ ጎን ቢያዘነብለው መሣቅ የተፈቀደ ሲሆን፣ ፊልሙን በብዙ ገንዘብ ዳግም አድሶ መሥራት ግን ክልክል ነው።

አንቀጽ 5፦ ስለ ምንጣፉ

በ1964 የወጣው «ዘ ክሪፒንግ ቴረር» የተባለው ፊልም ጭራቅ አሮጌ ምንጣፍ የለበሰ ረጅም ነገር ሲሆን፣ ከሥሩ ሰዎች ተሰልፈው እየተራመዱ ስለሚያንቀሳቅሱት አልፎ አልፎ ጫማቸው ብቅ ይላል። ፍጡሩ ከኤሊ ስለማይፈጥን ማንም በእርምጃ ሊያመልጠው እየቻለ፣ ሰለባዎቹ ቆመው ይጮኻሉ፤ ከዚያም የመዋጥ ኀይል የሌለውን አፍ ለማገዝ በገዛ ጉልበታቸው እየዳሁ ይገቡለታል። አብዛኛው ንግግር በድምፅ ስላልቀረበ አንድ ተራኪ ተዋንያኑ የሚሉትን ሁሉ «እንዲህ አለው፣ እንዲህ አላት» እያለ ያስረዳል። ምንጣፉ በዚህ አዋጅ መሠረት ቅርስ ነው።

አንቀጽ 6፦ ስለ ሞተ ተዋናይ

ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ በነሐሴ 1956 ከሞተ በኋላ ኤድ ዉድ በቀረችው ቁራጭ ምስል «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ»ን ሠርቶ፣ ለጎደለው ክፍል የሚስቱን የአከርካሪ ወጌሻ በካባ ፊቱን ሸፍኖ እንዲተውን አድርጓል። ወጌሻው ከሟቹ በቁመት ይበልጥ ነበር። ስለዚህ አንቀጽ ሌላ የሚባል ነገር የለም።

አንቀጽ 7፦ የተመልካች መብትና ግዴታ

ማንኛውም ተመልካች ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ በፊልሙ ላይ ጮክ ብሎ አስተያየት የመስጠት መብት አለው፤ ይህም መብት በ1988 በሚኒያፖሊስ ከተማ በተጀመረው፣ አንድ ሰውና ሮቦቶቹ ከስክሪኑ ሥር እንደ ጥላ ተቀምጠው መጥፎ ፊልም በሚያሽሟጥጡበት የቴሌቪዥን ዝግጅት የጸና ልማድ ሆኗል። ይሁን እንጂ መሣቅ የሚፈቀደው እስከ መጨረሻው ለተቀመጠ ብቻ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይቶ የተነሣ ሰው የተመለከተው መጥፎ ፊልም እንጂ የዚህ አዋጅ ጉዳይ አይደለም።

አንቀጽ 8፦ የተከለከለ ድርጊት

ዐውቆ አበድ ፊልም መሥራት ያስቀጣል። ሱዛን ሶንታግ በ1964 ባሳተመችው ድርሰት፣ ካምፕ ስለሚባለው፣ ማለትም ከልክ ያለፈውንና ያልተሳካውን በፍቅር ስለ ማጣጣም ስሜት ስትጽፍ፣ ራሱን ከማያውቀው የዋህ ዓይነት ዐውቆ የሚሠራውን አሳንሳ አይታለች። አውሎ ነፋስ ሻርኮችን ተሸክሞ ሎስ አንጀለስ ላይ የሚያዘንብበት የ2013 «ሻርክኔዶ» ሊያስቅ እንደሚችል አይካድም፤ ነገር ግን በቀልዱ አስቀድሞ ራሱ ስለሚሥቅ ለተመልካች የሚተርፍ የለም። የጥፋተኛው ቅጣት አንድ ጊዜ ከልቡ ጥሩ ፊልም ለመሥራት መሞከር ነው።

አንቀጽ 9፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ገዳይ ቲማቲሞች ሰው የሚፈጁበት የ1978 ፊልም ሆን ተብሎ ለፌዝ የተሠራ በመሆኑ በአንቀጽ 8 ሥር ይወድቃል። ሆኖም በቀረጻው ላይ አንድ ሄሊኮፕተር ሊያርፍ ሲል ጅራቱ መሬት መትቶ በእውነት ተከስክሶ፣ ሰዎቹም ተርፈው፣ አዘጋጆቹ አደጋውን ፊልሙ ውስጥ ስላስቀሩት፣ ያ ትዕይንት ብቻ ተለይቶ ከቅጣት ነጻ ሆኗል።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ መብራት ጠፍቶ የመጀመሪያው ዚፕ ብልጭ ካለበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል።