የፒካፕ ክዳን አመራረጥ፦ ከዝናብ፣ ከሌባና ከዘመድ አንጻር

የፒካፕ ክዳን በመኪናው የጭነት ክፍል ማለትም በካሶኒው አናት ላይ የሚገጠም፣ ከሸራ፣ ከላሜራ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበር ግላስ የሚሠራ መሸፈኛ ነው። የሚከላከላቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ዝናብ፣ ሌባና ዘመድ። አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው የሚጠቅሱት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር የፒካፕ ባለቤት ግን ወደ ሸራ ሰፊው ወይም ወደ በያጁ የሚሄደው፣ አፍ አውጥቶ ባይናገረውም፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ምክንያት ነው።

ፒካፕ ሲፈጠር ክዳን አልነበረውም። ፎርድ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የሞዴል ቲ ፒካፕ ዋጋው 281 ዶላር ሲሆን ኋላው ክፍት ሣጥን ነበር። ዋነኛ ገዢው አሜሪካዊ ገበሬ ነበርና ድርቆሹን ከማንም የሚደብቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ ጎረቤቱም የራሱ ድርቆሽ ነበረው። ቶዮታ በ1968 ሃይሉክስን ሲያወጣም ነገሩ አልተለወጠም። ክፍትነት ጉድለት ሆኖ የታየው ፒካፕ ከእርሻ ወጥቶ ከተማ ሲገባ፣ ይልቁንም ነጠላ ጋቢናው ደብል ሆኖ ባለቤቱ «ይህ እኮ የቤተሰብ መኪና ነው» ማለት ሲጀምር ነው። ከ2 ሜትር በላይ የነበረው ካሶኒ በደብል ጋቢናው ወደ 1.5 ሜትር ገደማ አጠረ። የሚጫነው ዕቃ ቀነሰ፤ ጫንልኝ ባዩ ግን ባለበት ቀረ።

ዝናብን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ 1 ኪሎም ይመዝናል። የደብል ጋቢና ካሶኒ ከ2 ካሬ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድ ደህና የነሐሴ ዶፍ 30 ሚሊ ሜትር ቢያወርድ፣ ጠበቅ ብሎ ያልታሰረ ሸራ መሐሉ ላይ 60 ሊትር ይዞ ያድራል ማለት ነው። ጧት ባለቤቱ ሸራውን ከታች በእጁ ገፋ ሲያደርገው ይህ ውሃ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የሚወርደው ባለቤቱ በቆመበት በኩል መሆኑ በተደጋጋሚ ቢታይም ምክንያቱ ገና አልተጠናም።

የሸራ ክዳን መሠረታዊ ተቃርኖም እዚህ ላይ ነው። ካሶኒው ጢም ብሎ ሲሞላ ጭነቱ ራሱ ለሸራው ጉልላት ስለሚሆንለት ውሃው በግራና በቀኝ ይንሸራተታል። ካሶኒው ባዶ ሲሆን ግን ሸራው ወደ ውስጥ ይረግብና ኩሬ ይሠራል። በሌላ አነጋገር ሸራ በደንብ የሚሸፍነው የሚሸፈን ነገር ሲኖር ነው፤ የሚሸፈን ነገር ከሌለ ውሃ ያቁራል። መፍትሔው ከጋቢናው እስከ ኋላው ስፖንዳ በመሐል የሚዘረጋ አንድ ቀጭን ብረት ሲሆን፣ የትኛውም በያጅ በአንድ ቀን ይሠራዋል። ብዙ ሰው አያሠራውም። ብረት የሌለው ሸራ ጊዜያዊ ይመስላል፤ ጊዜያዊ የሚመስል ነገር ደግሞ በሰው ዘንድ ለዓመታት ይቆያል።

ከዝናብ ይልቅ ሸራን የሚገድለው ፀሐይ ነው። ፀሐይ የምትልከው ቆዳና ላስቲክ የሚያቃጥል ጨረር ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች፣ ለባሕር ዳርቻ አገር ታስቦ የተሠራ የቪኒል ክዳን እዚህ ሲመጣ ያልተዋዋለበትን ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ቀለሙ ይለቃል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ ከዚያ በእጥፋቱ በኩል ይሰነጠቃል። ሻጩ «ውሃ በፍጹም አያስገባም» ሲል አይዋሽም፤ የተሞከረው በጥር ነው። ጥንቁቅ ገዢ አንድ ባልዲ ውሃ ያስመጣና እዚያው ላዩ ላይ ያስደፋል። ሻጩ የሚያሳየው ፊት ከምርመራው ውጤት ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል።

ስለ ነዳጅ ቁጠባ የሚነገረውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ካሶኒው ክፍት ሆኖ የኋላው ስፖንዳ ሲዘጋ በውስጡ የሚሽከረከር አየር ይያዛል፤ ከላይ የሚመጣው ነፋስ በዚህ አየር ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ስፖንዳውን አውርዶ መንዳት ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው የሰፈር ጥበብ ስለዚህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ጠፍጣፋ ክዳን የነፋሱን ግፊት በጥቂት በመቶ ይቀንሳል፤ ለውጡ የሚታወቀው ግን በፍጥነት ሲነዱ ነው። በመገናኛ አደባባይ የሚገኘው ፍጥነት ለዚህ ዓይነቱ ምርምር አይመችም። በአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ላይ ትርፉ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ ወጥቶ መደበኛው መንገድ ውስጥ ሲገቡ ይበላል።

አቧራ ግን በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው። መኪና በጥርጊያ መንገድ ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳና አቧራውን ወደ መኪናው መልሶ ይስበዋል። ከላይ ጥርቅም ያለ ክዳን ተገጥሞለት የኋላው ስፖንዳ ዙሪያ ጎሚኒ ያልተደረገለት ካሶኒ፣ በዚያች ስንጥቅ በኩል አቧራውን ይምገዋል። ክፍት ካሶኒ ላይ የተጫነ ጤፍ ጥቂት አቧራ ይነካዋል፤ በውድ ክዳን ሥር የተጫነ ጤፍ ግን ከገበሬው ማሳ ያልመጣ አፈር ይዞ ቤት ይገባል። ክዳን የሚገዛ ሰው የጎሚኒውንም ዋጋ አብሮ ማሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

ሌባን በሚመለከት ጽንሰ ሐሳቡ አጭር ነው። ሸራ በምላጭ ይከፈታል፤ ገመዱን ለመፍታት የሚደክም ሌባ የለም። ላሜራና ፋይበር ግላስ ቁልፍ ያለው መቀርቀሪያ ስላላቸው ጊዜ ያስወስዳሉ፤ በቡሎን ብቻ የታሰሩ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ራሱ ይሰረቃል። እዚህ ላይ አንድ የሥነ ልቦና ነጥብ አለ። ክፍት ካሶኒ ባዶ መሆኑ ከሩቅ ይታያል፤ የተሸፈነ ግን ምን እንደያዘ ስለማይታወቅ ሌባውም፣ የኬላ ፈታሹም፣ መኪናውን አጥሩ ሥር የሚጠብቀው ዘበኛም እኩል ይጠይቃሉ። ኬላ ላይ ክፍቱ በዐይን ይታለፋል፤ የተከደነው «ክፈተው» ይባላል። ባዶ ካሶኒ ከፍቶ ማሳየት ሙሉውን ከማሳየት የበለጠ ያጠራጥራል።

ዋናው ርዕስ ዘመድ ነው። ክፍት ፒካፕ በሊብሬው የአንድ ሰው፣ በልማድ ግን የሰፈርና የቤተ ዘመድ ንብረት ነው። ቤት የሚለቅ፣ ፍሪጅ የገዛ፣ የእድር ድንኳንና ወንበር የሚያመላልስ፣ ለተዝካር እንጨት የሚያስመጣ፣ ልጁን ከነፍራሹ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ሁሉ መኪናውን ሲያይ የሚታየው ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ ደግሞ ይጠየቃል። ጥያቄውም ጥያቄ አይመስልም፤ አጎት ስልክ ደውሎ «አንተ፣ ቅዳሜ በጧት ያቺን መኪናህን ይዘህ ብቅ በል» ይላል እንጂ ነዳጅ ስንት ትበላለች አይልም። «እሺ ጋሼ» ከማለት በቀር መልስ የለም፤ ይሉኝታ አለ። ስለዚህ ባለቤቱን ወክሎ እምቢ የሚል ሌላ አካል ያስፈልጋል። ክዳን የሚባለው ይኸው ነው።

ክዳኖች በዚህ ረገድ ያላቸው አቅም እንደ ዓይነታቸው ይለያያል። ሸራ ምንም አይፈይድም፤ «ጠቅልለን ጋቢና ውስጥ እንወረውረዋለን» ይባላል። ዕቃው ከተጫነ በኋላም ያው ሸራ ተመልሶ ለዕቃው ይለበሳል፤ ሰው ለመከልከል የተገዛው ነገር የአገልግሎቱ አካል ሆኖ ያርፋል። የሚታጠፈው የቪኒል ክዳን ትንሽ ይሻላል፤ ሲታጠፍ ያላየ ዘመድ የማይነቀል ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ካየ ግን ወሬው ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ይደርሳል። እንደ ሱቅ መዝጊያ የሚጠቀለለው የአሉሚኒየም ክዳን ቁልፍ ስላለው «ቁልፉ ቢሮ ቀርቷል» ለማለት ያስችላል። ይህ መልስ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። የዚህ ክዳን ሌላ ችግር ውሃውን ከማዕዘኑ ወደ ታች የሚያወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ቱቦዎቹ በአንድ ወር ይደፈናሉ።

ከሁሉም የተሻለው በጋዝ ዘንግ ወደ ላይ የሚከፈተው ጠፍጣፋ የፋይበር ግላስ ክዳን ነው። ከሥሩ ያለው ቁመት ግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ ቁም ሣጥንም ሆነ ፍሪጅ አይገባም። ፍሪጅ ይተኛ ቢባል እንኳ መልስ አለ፦ ፍሪጅ ሲተኛ የሞተሩ ዘይት ወደ ጋዙ መስመር ስለሚሄድ ሊበላሽ ይችላል። እውነት ነው፤ ባለሙያም ይመሰክራል። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ የሚከለክለው መኪናውን ሳስቶ ሳይሆን ለአጎቱ ፍሪጅ ተጨንቆ ነው። በሌሎቹ ክዳኖች ዘንድ እንዲህ ያለ ክብር ያለው እምቢታ አይገኝም።

እስከ ጋቢናው ጣሪያ ከፍ የሚለውና መስኮት ያለው ቤት መሰል ክዳን በአንጻሩ ነገር ያባብሳል። ፍራሽ ይይዛል፤ ከዝናብም ያስጥላል፤ ሰውም «እኛ እዚህ ኋላ እንቀመጣለን» ማለት ይጀምራል። ጥቅሙ በበዓል ሰሞን ነው። የአንድ ደህና ሙክት ቁመት እስከ ትከሻው ከ60 ሴንቲ ሜትር ስለሚያልፍ በጠፍጣፋው ክዳን ሥር ሊቆም አይችልም፤ በቤት መሰሉ ውስጥ ግን ቆሞ በመስኮት እያየ ይመጣል። ሰርግ ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ከሁለቱም መራቅ አለበት። ሙሽሮቹን ከፊት እየቀደመ የሚቀርጸው የቪዲዮ ባለሙያ የሚቆመው ክፍት ካሶኒ ላይ ነውና ክዳን ያለው ፒካፕ ለአጀብ አይጠራም። ይህን ከጥቅም ወይም ከጉዳት መቁጠር ለባለቤቱ የተተወ ነው።

መጠን ሲወሰድ የሚለካው ካሶኒው በላይኛው ጠርዙ ከውስጥ ወደ ውስጥ ነው፤ «የሃይሉክስ ነው» ብሎ መግዛት አይበቃም፤ ዓመተ ምህረቱና የጋቢናው ዓይነት መጠኑን ይለውጡታል። ከጋቢናው ጀርባ የጌጥ ብረት የተተከለበት መኪና ጠፍጣፋውን ክዳን አይቀበልም። ብረቱን የተከለው ሰው ብዙውን ጊዜ ክዳኑን የሚፈልገው ያው ሰው ነው። ለአንድ ሞዴል የተሠራ ክዳን ለሌላው ስለማይሆን፣ መኪናው ሲሸጥ ክዳኑ ቤት ከቀረ የዶሮ ቤት ጣሪያ ከመሆን ያለፈ ዕድል የለውም።

አገጣጠሙን ሻጩ ይሠራዋል። ማውረዱ ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው። የፋይበር ግላስ ክዳን ከባድ ከመሆኑም በላይ ለመያዝ አይመችም፤ ሳይሰነጠቅ እንዲወርድ በአራቱም ማዕዘን አንድ አንድ ሰው ቢይዘው ይመረጣል። በአንድ ስልክ አራት ጠንካራ ሰው የሚገኘው ከቤተ ዘመድ ነው፤ ማለትም ክዳኑ በተገጠመ ጊዜ እምቢ ከተባሉት መካከል። ክዳኑ የሚወርደው ቅዳሜ ጧት ከሆነ፣ መኪናው ከሰዓት በኋላ ፍሪጅ ይጭናል።